«ጠገብኩ» ማለትን ስማር

በእናቴ ቤት ምግብ የሚያበቃው እናቴ ይበቃል ስትል ብቻ ነበር። እንግዳ «ጠገብኩ» ቢል የሚሰማው የለም። እጁን ሲሰበስብ ጉርሻ ይከተለዋል፤ ጉርሻውን ሲመልስ «በሞቴ!» ይመጣል። «አፈር ስሆን» ከተባለ ደግሞ አፉን የማይከፍት ሰው አላየሁም። አባቴ በንጉሡ ጊዜ በጸሐፊነት ተመድቦ ከሰሜን ወደ ጂንካ የመጣ ሰው ነበር፤ እናቴ ተከትላው መጥታ ሁለት ሴት ልጆች ወለደችለት። እሱ ከሞተ በኋላም የቤቱ ደንብ አልተለወጠም። ከዘመዶቿ ርቃ ስለኖረች ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ደጃችንን የረገጠ ሰው ሁሉ እስኪጨንቀው በልቶ ካልወጣ ያስተናገደችው አይመስላትም።

እኔ ለዚህ ቤት የተፈጠርኩ ልጅ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ ያተረፈችውን እጨርሳለሁ፣ እንግዳ ያስቀረውን እጨርሳለሁ። «የኔ ልጅ እህል አታስቀይምም» ትላለች እናቴ ለጎረቤት። ወፍራም ነበርኩ፤ ውፍረቴም ለእሷ የምስክር ወረቀት ነበር። ርቦኝ መብላቴን ወይም ጠግቤ ማቆሜን አላስታውስም። የቀረበው ይበላል፣ ሲያልቅ ይነሳል፤ በቃ።

ትምህርቴን ጨርሼ፣ ትዳርም ሞክሬ ሳይሰምር ቀርቶ ወደ እናቴ ቤት ስመለስ፣ ከተማው ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት የቤት አያያዝ አስተማሪ ሆንኩ። ነገሩ አሁን ያስቀኛል። የክፍሌ ግድግዳ ላይ የምግብ ዓይነቶችን የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። ፖም አለበት፣ እንደ መኪና ጎማ ክብ የሆነ አይብ አለበት። ተማሪዎቼ ፖም ምን ምን እንደሚል አያውቁም፣ እኔም ቀምሼው አላውቅም። ቢሆንም በዱላ እየጠቆምኩ ስለ ተመጣጠነ ምግብ ሳስተምር አረፍድና ቤቴ ሄጄ የሁለት ሰው ምሳ እበላለሁ።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ላይ ጥም ያዘኝ። አንድ ጆግ ውሃ ጠጥቼ ሌላ እቀዳለሁ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁለቴ ወደ ሽንት ቤት ስወጣ ልጆቹ አፋቸውን እየሸፈኑ ይሳሳቃሉ። ቀሚሶቼ እየሰፉኝ መጡ። እናቴ «የሰው ዓይን ነው» አለችና የምታውቀውን መድኃኒት አመጣች፤ ገንፎ በቅቤ፣ ጠዋት ማር፣ ማታ ማር። አገራችን የማር አገር ነው፤ በእኛ ጓዳ ከቅል ማር ጠፍቶ አያውቅም። በበላሁ ቁጥር ከሳሁ። እናቴም በከሳሁ ቁጥር ጨመረችልኝ።

በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጤና ረዳቱ ወጣት ሰው ነው፤ የሚያየውን ነገር አጥብቆ የሚያይ። ሽንቴን በመስታወት ቱቦ ውስጥ በጥቂቱ ጠብ አደረገና አንድ መመርመሪያ ኪኒን ጣለበት። ፈልቶ አረፋ ደፈቀ። መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ እንደ ሸክላ ቀይ ሆነ።

«እትዬ፣ አርባ ምንጭ መሄድ አለብዎት» አለኝ፤ ዓይኑን ከቱቦው ሳያነሳ።

ቡናና ማር በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ በወይጦ በኩል ወረድኩ፤ ኮንሶ አድሬ በማግስቱ አርባ ምንጭ ገባሁ። ሐኪሙ በሽታዬ ስኳር መሆኑን ነገረኝ። የሚዋጥ ኪኒን ጻፈልኝ። ምግብ በሰዓቱ፣ በመጠኑ፤ ስኳርና ማር እንዳልነካ። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ቀጥሎ «መጾምም አይችሉም» ሲል ነው ያለቀስኩት።

ቤቴ ተመልሼ ጦርነት ከፈትኩ። ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ የማገኘውን የስኳር ድርሻዬን ለጎረቤት ሰጠሁ። ማዕድ ላይ መዳፍ የምታክል እንጀራ በልቼ እነሳለሁ፤ እናቴ ስታለቅስ አልሰማም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን እንደ ወታደር እቆማለሁ። በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ለቅሶ ደርሳ እስክትመለስ ጓዳ እገባለሁ። በሩን ከኋላዬ ዘግቼ፣ ቆሜ፣ በጣቴ ከቅሉ ማር እያወጣሁ እበላለሁ። አይጣፍጠኝም። እፈጥናለሁ። እጄን ሁለቴ ታጥቤ አልጋዬ ላይ እቀመጥና ራሴን እሰድባለሁ፤ በማግስቱ ለቅጣት እህል አልቀምስም። እንዲህ እየወደቅኩ እየተነሳሁ ወራት አለፉ። ድሮ ምግብ አለቃዬ ነበር፣ አሁን ጠላቴ ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ ከእሱ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም።

ዐቢይ ጾም ገባ። የሐኪሙን ቃል ለማንም አልተናገርኩም። ኪኒኑ እህል አይደለም ብዬ ጠዋት ጠዋት እውጠዋለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ውሃም አልቀምስም። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን፣ ተማሪዎቼ ፊት ስለ ጎመን አጠባና አቀቃቀል እያስረዳሁ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላብ አጠመቀኝ፣ ሰሌዳው ሁለት ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገሩኝ ልጆቹ ናቸው።

ለክፍላችን የተግባር ትምህርት በየዓርቡ ጎመን የምታመጣልን አንዲት የአሪ ገበሬ ነበረች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ረጅም፣ ከከተማው በላይ ካለው ዳገት የምትወርድ፣ ጸሎት ቤታቸው በመዘምራን የምታገለግል ሴት ናት። የዚያን ቀን ሸክሟን በረንዳው ላይ ስታወርድ የልጆቹን ጩኸት ሰምታ ገባች። ጭንቅላቴን ታፋዋ ላይ አደረገች፤ ለገበያ ካመጣችው ሙዝ አንዱን ልጣ፣ በጣቷ እያላመች ከንፈሬ ላይ አደረገችው። ዓይኔን ስገልጥ የሰማሁት ድምፅ የእሷ ነው።

«ብላ! አንተ፣ ብላ! ዋጥ!»

አማርኛን የለመደችው በገበያ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የምትለው። ልጆቹ እያለቀሱ ሳቁ። እኔም ሙዙን ዋጥኩ።

ጤና ረዳቱ ተቆጣኝ። «እትዬ፣ ይሄ ኪኒን ስኳሩን ይጥላል። እህል ካልደገፈው እርስዎንም ይጥላል። መምህርት ሆነው ይሄን እንዴት ያጡታል?»

በማግስቱ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ግንብ ላይ ተቀምጠው ጸሐይ ይሞቁ ነበር። ሁሉን ነገርኳቸው፤ የጓዳውን ማር እንኳ ሳልደብቅ። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ሐኪሙ አትጹሚ ካለሽ ለምን ጾምሽ?»

«አባ፣ ሁሉ ሰው እየጾመ…»

«ሁሉ ሰው አልታመመም። ሥጋውን፣ ወተቱን ተዪው፤ እሱን ትችያለሽ። ሰዓቱን ግን ልቀቂ። ጠዋት ብዪ፣ ቀትር ላይ ብዪ፣ ማታ ብዪ።»

«እሺ አባ» ብዬ ልነሳ ስል እጃቸውን አነሱ።

«ቆዪ፣ አልጨረስኩም። ተደብቀሽ አትብዪ።»

«እንዴት አባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውን ይበል። ተደብቀሽ የበላሽ እንደሆነ ልብሽ ጥፋት ሠርቻለሁ ይላል፤ ከዚያ ማሩ ጋር መልሶ ይወስድሻል። አንቺ ጥፋት የለብሽም። በሰው ፊት ቁጭ ብለሽ ብዪ።»

ሰዓቱን መልቀቅ ቀላል ነበር፤ በሰው ፊት መቀመጡ ከበደኝ። በመጀመሪያው ጠዋት ገበታው ላይ ቂጣና ሽሮ አቅርቤ ስቀመጥ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «በጾም? በማለዳ? እኔ ያሳደግኳት ልጅ?» ነፍስ አባቴ የፈቀዱልኝ መሆኑን ነገርኳት። «እሳቸው ደግ ናቸው» አለችና ወደ ግቢ ወጣች። እኔም ቁጭ ብዬ በላሁ።

ትምህርት ቤት ሌላ ፈተና ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። አብዛኞቹ ጾመኞች ነበሩ፤ ፕሮቴስታንቶቹም ቢሆኑ በእኛ ጾም ወራት በፊታችን ላለመብላት ወጣ ይሉ ነበር። አንዱ ባልደረባዬ ከጋዜጣው ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው እትዬ፣ ካድሬ ሆንሽ እንዴ?»

ሁሉም ሳቁ። ያን ጊዜ ጾም መሻር አብዮተኛ መሆንን ማሳያ ያደረጉ ሰዎች ስለነበሩ ቀልዱ ገብቶኛል። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦

«ካድሬስ አልሆንኩም። የስኳር በሽተኛ ነኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ካልበላሁ እዚሁ እወድቅባችኋለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ባልደረባዬ ጋዜጣውን አጠፈና «ይቅርታ፣ አላወቅኩም» አለ። ምሳዬን ጨረስኩ። በሽታዬን በስሙ ጠርቼ በአደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት ያን ቀን ነው፤ ከግቢው ስወጣ ጀርባዬ ቀጥ ማለቱ ይታወቀኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ያቺን የአሪ ሴት ላመሰግን ዳገቱን ወጣሁ። ቤቷ በእንሰትና በቡና መሃል ነው። ባሏ ከልጆቹ ጋር ጎደሬ ይቆፍር ነበር። ምሳ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ገቡና ቁጭ አሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና በአሪኛ ረጅም ጸሎት ጸለየች፤ ልጆቹ አንድ ዓይናቸውን እየገለጡ ጎደሬውን ያያሉ። ከዚያ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ጎመንና የተፈጨ ሚጥሚጣ በቅል ሰጠችኝ፤ ለመጠጥ ደግሞ የፈላ የቡና ቅጠል። እኛ ቤት ጎደሬ ስሙ አይነሳም ነበር፤ እናቴ የድሃ ምግብ ትለዋለች። እኔም በሃፍረት ቀስ እያልኩ በላሁ። ግማሹን እንደጨረስኩ አየችኝ።

«ጠገብክ?»

«ጠገብኩ» አልኩ፤ እንደ ደንቡ።

«እሺ» አለችና ቅሉን አንስታ ለትንሿ ልጇ ሰጠቻት።

ክው አልኩ። አልጠገብኩም ነበር! «በሞቴ» እስክትለኝ፣ ሁለቴ እስክትለምነኝ እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን ያልኳትን አመነችኝ። ዳገቱን ርቦኝ ወረድኩ፤ መንገድ ላይ መጀመሪያ ተቀየምኩ፣ ቀጥሎ ገረመኝ። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ስለ ሆዴ የተናገርኩትን ቃል የተቀበለኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። እኔ ደግሞ ዋሽቻት ነበር።

በሌላ ቅዳሜ፣ ገበያ ውላ ስትመለስ አብሬያት ወጣሁ። እንደገና ጎደሬ ቀረበ። እንደገና «ጠገብክ?» አለችኝ። ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ምክንያቱም በእውነት አላውቀውም ነበር። እጄን አሳርፌ ራሴን አዳመጥኩ።

«አልጠገብኩም።»

«እሺ» አለች፣ ጨመረችልኝ። ትንሽ ቆይቶ ስትጠይቀኝ በእርግጥ በቅቶኝ ነበር። «አሁን ጠገብኩ» አልኳት። ሳቀች። «ጎበዝ!» አለችኝ፤ ልክ አንድ ሥራ እንደጨረሰ ሰው። እውነትም ሥራ ነበር።

እሷ ስለ ስኳር በሽታ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ምንም አላስተማረችኝም። ብቻ እሷ ቤት ምግብ ሲቀርብ ማንም አይቸኩልም፣ ማንም አይለመንም፣ ያልበላም አይወቀስም። የራበው ይበላል፣ የጠገበ ወደ ማሳው ይመለሳል። ያን ሁሉ ክረምት ሳምንት በሳምንት ወጣሁ። ቤቴም ውስጥ እንደዚያው ማድረግ ጀመርኩ፤ ቁጭ ብዬ፣ በሰዓቱ፣ መሃል ላይ እጄን አሳርፌ ራሴን እየጠየቅኩ። ማሩ ከጓዳ አልወጣም። ስሜቱ ሲመጣ ርቦኝ ነው ወይስ ከፍቶኝ ነው እላለሁ። የከፋኝ እንደሆነ ወደ እህቴ ሄጄ አወራለሁ። አንዳንዴም ያሸንፈኝ ነበር፤ ግን ለቅጣት ብዬ መጾሙን ተውኩት፤ በሚቀጥለው ሰዓት ምሳዬን በልክ እበላለሁ። ያን ካቆምኩ በኋላ ወደ ቅሉ የምሄድበት ቀን እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ያንን የፖም ሥዕል ከግድግዳው አወረድኩት። ተማሪዎቼን ቅዳሜ ገበያ ወሰድኳቸውና ያዩትን ምግብ ሁሉ እንዲሥሉ አደረግኩ። ጎደሬ፣ ቦዬ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ባቄላ፣ ከወይጦ የሚመጣውን ሃለኮ የሚባለውን የዛፍ ጎመን፣ ከኦሞራቴ ደርቆ የሚመጣውን ዓሣ። አንዷ ተማሪ፣ አንዲት የሐመር ሴት በቅል ይዛ የምትሸጠውን ወተት ሣለች፤ ቅሉ ከሴትየዋ ይበልጥ ነበር። በየምግብ ዓይነቱ ከፋፍለን በትልቅ ወረቀት ላይ ለጠፍነው።

ከክፍለ ሀገር የመጡ ሱፐርቫይዘር ክፍሌ ገብተው ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ፈርቼ ነበር። «ከመንግሥት የተላከው ቻርት የት ሄደ?» አሉ። እኔ ሳልመልስ አንዲት የአሪ ልጅ ተነሳች። «ጌታዬ፣ እዚያ ላይ ያለውን ምግብ እኛ አናገኘውም። ይሄን ግን ዛሬ ምሳ በልተነዋል።» ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ አሉና ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ምን እንደጻፉ ዛሬም አላውቅም፤ ሥዕሉን ግን አውርዱ አላሉም። ያቺ ልጅ ቀድሞ ጎደሬ እንደሚበሉ በከተማ ልጆች ፊት ተናግራ አታውቅም ነበር።

ያላመነችኝ እናቴ ብቻ ቀረች። በሬዲዮ የሰሜኑ ረሃብ መነገር የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። የእሷ አገር ነው። ሳህኔ ላይ ያስቀረሁትን እያየች «ወገኔ እህል አጥቶ እያለቀ አንቺ እህል ትመልሻለሽ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነበር፤ የአገሯ ነገር ያማት ነበር። ከዚያ ጀምሮ በመጀመሪያውኑ ጥቂት ማውጣት ለመድኩ፤ ቀበሌ ለተጎጂዎች እህል ሲሰበስብ ደግሞ እናቴ ከቤታችን የተረፈውን ራሷ ሰፍራ ሰጠች። ያም ሆኖ የሚገድለኝ በሽታው ሳይሆን አለመብላቴ እንደሆነ ታምን ነበር።

አንድ ቀን ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ጤና ረዳቱ ኪኒኑን ሽንቴ ያለበት ቱቦ ውስጥ ጣለ። ፈላ፣ አረፋ ደፈቀ፣ ረጋ። ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

እናቴ ጠጋ ብላ አየችው። «ይሄ ምንድን ነው? ክፉ ነው?»

«እማማ፣ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቀለም የለም» አላት። «ልጅዎ ያደረገችውን ትልልቅ ወንዶችም አቅቷቸዋል።»

በማግስቱ ወጥ ስታወጣልኝ ጭልፋዋን ግማሽ ላይ አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ። «ይበቃል?» አለች። እናቴ ይበቃል ወይ ብላ ስትጠይቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

በጥር እህቴን ዳርን። በዚያ በችግር ዓመት ድግሱ ትንሽ ነበር፤ ሆኖም የአባቴ እህት ከአርባ ምንጭ መጥታ ነበር፣ እሷ ያለችበት ድግስ ደግሞ ትንሽ አይባልም። ከሙሽሮቹ ፊት አጠገቧ አስቀምጣኝ ሁለት ጉርሻ አጎረሰችኝ። ሁለቱንም በፍቅር ተቀበልኩ። ሦስተኛውን ስታመጣ እጇን ያዝኩ።

«አክስቴ፣ ጠገብኩ።»

«ምን ጠገብሽ? አጥንትሽ ወጥቶ! በሞቴ!»

«ኑሪልኝ፤ በእውነት ጠገብኩ።»

«አፈር ስሆን ብዬሻለሁ!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ጎረቤት ሁሉ ዞረ። ጉርሻው ከአፌ ፊት ቆሟል። የድሮዋ እኔ አፏን ትከፍት ነበር። ፈገግ እንዳልኩ ጠበቅኩ። ያን ጊዜ እናቴ ከበስተኋላዬ መጣች። ወጥ የያዘ ሰታቴ በእጇ ነበር።

«ተያት» አለች። «ጠገብኩ ካለች ጠግባለች። የኔ ልጅ አትዋሽም።»

አክስቴ አፏን ከፍታ እናቴን አየቻት፤ ጉርሻውን ለሙሽራው አጎረሰችው። ቤቱ መልሶ መንጫጫት ጀመረ። እናቴ ሰታቴዋን ይዛ አለፈች፤ ልብ ብዬ ሳያት አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር የምትሄደው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። የደርግ መንግሥት በወደቀበት ወቅት መንገድ ተዘግቶ ኪኒኑ ለሳምንታት ጠፋ። ጤና ረዳቱ ያለውን ለጸናባቸው አካፈለ፤ እኔ ለራሴ ድርሻ አልጠየቅኩም፤ በምግቤና በእግር ጉዞዬ ብቻ ሰነበትኩ። ሲመረምረኝ ቱቦው ሰማያዊ ነበር፤ በመገረም ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ እስቲ ለሌሎቹም ይንገሯቸው» አለኝ።

እንዲህ ነው የጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ መቀመጥ የጀመርኩት። መጀመሪያ የመጡት ሦስት የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ፤ አንድ የገበያ ነጋዴ፣ አንድ ጡረተኛ ወታደር፣ አንዲት ከወይጦ የመጣች የሾፌር ሚስት። እሷ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ «ሌሊትና ቀን ስለ ምግብ ብቻ ነው የማስበው፣ አፍራለሁ» አለችኝ። ሐኪም አይደለሁምና ስለ ኪኒን አላወራኋትም። የራሴን ነገርኳት፤ ማሩን፣ የተዘጋውን ጓዳ፣ ክፍል ውስጥ መውደቄን፣ አንዱንም ሳላስቀር። ስጨርስ ቀና አለች።

«አሁንስ?» አለችኝ።

«አሁን ሲርበኝ እበላለሁ» አልኳት። «ከዚያ ወዲያ የማስበው ሌላ ሥራ አለኝ።»